ከቶን ወደ ግራም

በድሮኪያ፣ በስኳር ፋብሪካው በር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ስኳር የሚወጣው ሥር የጫነ መኪና መዘንኩ ቀን ከሌሊት።
ጡረታ ስወጣ ሚዛኑ ተከተለኝ፤
በአራተኛ ፎቅ፣ በመስታወት በረንዳ፣ ከድርጭት አገናኘኝ።
አሁን ግራም ነው ሥራዬ፦
የኩሽና ሚዛን፣ የሳርዲን ጣሳ፣ ደብተር፣ እርሳስ በጆሮዬ።

የቤት ድርጭት አትታቀፍም፤ ስሰማ አላመንኩም ነበር፤
እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፣ ከኮት እንደ ወደቀ አዝራር።
ስንት ትውልድ ሙሉ ሰው እየመገባት፣ በሽቦ ስትከለል፣
ደረቷ ዘነጋ ከሥሩ መኖሩን የራሷ እንቁላል።
እናት እኔ ሆንኩኝ፦ ጢሙ የሸበተ፣
በቀን ሦስት ጊዜ እንቁላል ለማዞር ከአልጋው የተሟገተ።
በአንድ ጎን መስቀል፣ በሌላው ጎን ክብ፣ የእርሳስ ምልክት፤
ጠዋት መስቀሉ ላይ፣ ማታ ክቡ ላይ፣ አሥራ ሰባት ሌሊት።

በየካቲት ወር ዋርቫራ መጣች፣ ከታች ከሦስተኛ ፎቅ፦
"ኢላሪዮን፣ ያ ወንዱ ወፍህ፣ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲንቋቋ አያልቅ!
የባሌን ማንኮራፋት አርባ ዓመት ቻልኩት፤ ሞተ፣ አረፍኩ ስል፣
ያንተን ልጀምር?"
"ልጆቹ ይደጉ፣" አልኳት፣ "በስምንት ሳምንት ይተካል።"
"እሱስ?"
"ወደ ድስት።"
ዝም ብላ ወረደች።
ከደረጃው መሃል፣ ወፉ ሲጮኽ፣ ቆም አለች።

በመጋቢት የዘገየ በረዶ ገመዱን በጠሰ፤ መብራት ጠፋ።
አሥራ አንደኛው ሌሊት ነበር። ቴርሞሜትሩ
ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ፤ ዐይኔ እያየ ከፋ።
ሣጥኑን በሱፍ ኮቴ ጠቅልዬ ከደረቴ አስጠጋሁ።
በሩ ተንኳኳ።
"ወፉ ምን ሆነ?" አለች ዋርቫራ። "ዝም ሲል ነው የነቃሁ።"
በካልሲ የጠቀለለችው ሁለት ጠርሙስ ፍል ውሃ ይዛ፤
እስኪነጋ ተቀመጥን፣ እሷ፣ እኔ፣ ሣጥኑ ከጠረጴዛ።

ከአርባው ሃያ ስድስት ተፈለፈሉ፣ ዝንብ የሚያካክሉ፤
በመጠጫቸው ጠጠር ደረደርኩ፣ በማንኪያ ውሃ ይሰጥማሉ።
ሲደነግጡ ሽቅብ ይተኮሳሉ፤ ጣሪያውን በስፖንጅ ለበጥኩት፤
ባሕር ያሻገረ የነበረ ክንፍ፣
በስፖንጅ አቆምኩት።

በምድረ በዳ ነፋስ ሲያወርዳቸው ሕዝቡ እስኪሰለቸው ለቀመ፤
እኔ አንድ በአንድ ነው፣ በቁጥር።
ስም አልሰጥም። ስም ያለውን ለመዋጥ ጉሮሮዬ ስንቴ ታመመ።
ደረቱ የቀላ ወንድ ነው፣ ነጠብጣብ ያለባት ሴት፤
ለአራት ሴት አንድ ወንድ። የቀረው ሥጋ ነው።
ቁጥር አያውቅም ምሕረት።

ፋሲካ አልፎ፣ ቅዳሜ ሳይነጋ፣ መዘንኳቸው በተራ።
ሰባት ቁጥር፣ ያ ጯሂው፣ ሁለት መቶ አርባ።
ሃያ ሁለት ቁጥር፣ ከኤዲኔጽ በአውቶቡስ ከመጣው እንቁላል
የወጣው አዲስ ደም፣ ሦስት መቶ አሥር ግራም።
ሰባትን ዳግም መዘንኩት። ጣቴን ከጣሳው ጠርዝ
ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አስደገፍኩ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሾፌሮች ሲሞክሩት
ስንቱን የቀጣሁበትን ሌብነት።
ከዚያ ጣቴን አነሳሁ።

መቀሱ ስለታም ነበር። እጄ ፈጣን ነበር።

ማታ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰውን በሳህን አወረድኩላት።
"የትኛው ነው?" አለች።
"ሰባት።"
ወንበር ሳበች። በላች። አጥንቷን በጣቷ እየያዘች፣
ልክ እንደ ደብዳቤ ቀስ እያለች።
ሳህኑ በማግስቱ ተመለሰ፣ ማሽላ ሞልቶት፣
"ለሕያዋኑ" የሚል ወረቀት ተጣጥፎበት።

ሌሊት ሃያ ሁለት ድምፁን ሞከረ፤ ሻካራ ነው፣ አልበሰለም።
ከታች ዋርቫራ በመጥረጊያ እንጨት
ጣሪያዋን ሁለት ጊዜ መታች።
ንዴት ይሁን ሰላምታ
እስካሁን አልጠየቅኋትም።